ከአልጋው የወጡ መብራቶች

እናቷ ከሞተች በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ሟቿ አልጋ ይጠይቃት ጀመር። አክስቷ «ለተቸገረ ስጪው» አለቻት። ጎረቤቷ «ኧረ ሽጪው፤ እንዲህ ያለ እንጨት አሁን የት ይገኛል?» አለቻት። እሷ ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ጠዋት ትሄዳለች፣ በሽተኞችን በየተራቸው ታስገባለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አልጋው እዚያው ተገትሮ ይጠብቃታል። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ መጋዝ ገዝታ ገባችና ራስጌውን ቆረጠችው።

ለምን እንደቆረጠችው ብትጠየቅ አታውቅም። እናቷን ለዓመታት ያስታመመችው እሷ ነበረች። ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡ፣ መድኃኒት ሲሰጡ የኖሩ እጆቿ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። ቀብሩ ላይ እንባ ጠብ አላላትም። አንዳንዱ «ልበ ደንዳና» አላት፤ ሌላው «ደንግጣ ነው» አለላት። ሁለቱንም ሰማች፤ አንዱም አልነካትም። ጥርስ ሐኪሙ የማደንዘዣ መርፌ ከወጋ በኋላ በሽተኛው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስለዋል። እሷም እንደዚያ ነበረች፤ ልዩነቱ መላ ሰውነቷ መሆኑ ነው።

ከራስጌው ጣውላ መጀመሪያ የሠራችው ጠማማ ሳጥን ነበር። የእጅ ባትሪዋን በርቶ እንዳለ ውስጡ ረስታው ዞር ስትል ብርሃኑ በጣውላዎቹ ክፍተት ሾልኮ ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። ደስ አላት ማለት አይቻልም። ግን ዓይኗን ከግድግዳው አላነሣችም፤ ሻይዋም ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ መብራት መሥራት ያዘች። ትቆርጣለች፣ ታለሰልሳለች፣ በኮላ ታጣብቃለች፣ ቫርኒሽ ትቀባለች። የኤሌክትሪኩን ነገር ስልኳ ላይ ቪዲዮ አይታ ነው የተማረችው። ሽቦውን ከሽቦ ጠምዝዛ በናስትሮ ትጠቀልለዋለች። ይበራል፤ በቃ።

አንዱን ወስዳ ሐኪም ቤቱ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። አብራት የምትሠራው ነርስ አይታ ጮኸች።

«ከየት ገዛሽው?»

«ሠራሁት።»

«ሂጂ! በእናትሽ?»

ነርሷ ያፈተለካት ቃል ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ ይቅርታ እህቴ…»

«ምንም አይደል» አለቻት። እውነትም ምንም አልነበረም።

ወደ ባዛር የገፋፋቻት ነርሷ ናት። በየወሩ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ቀን አለ። ጠረጴዛ ተከራይታ መብራቶቿን ደረደረች። የስልክ ቁጥሯን በካርቶን ላይ ጽፋ አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው። ሰዎች እየመጡ ይዳስሳሉ፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ፣ ይገዛሉ። እሷም «አሜን» ትላለች፤ ልክ ሐኪም ቤት «ተራዎ ደርሷል» እንደምትለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። ከገዢዎቿ አንዷ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ።

«ልጄ፣ መብራትሽ ይሸታል።»

«ምን ምን ይላል?»

«ካውያ የተረሳበት ልብስ።»

ከሥራ አስፈቅዳ በታክሲ ሄደች። መብራቱ የአስተማሪዋ የልጅ ልጅ የምታጠናበት ጠረጴዛ ላይ፣ ደብተሮች መካከል ተቀምጧል። ከግድግዳው ነቅለውታል። አንሥታ ወደ ውስጥ ስታይ ከአምፖሉ በላይ ያለው ጣውላ ጠቁሯል። ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ደግሞ ሻካራው እንጨት የሽቦውን ልባስ ግጦት መዳቡ ብልጭ ይላል።

«ያሸተተችው ልጅቷ ናት» አሉ አስተማሪዋ። «በእኔ አፍንጫ ቢሆን አልቀን ነበር። እኔማ ሽቶና ነጭ ጋዝ ከለየሁ ቆየሁ።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር። መብራቱን በጋዜጣ ጠቅልለው አስታቀፏትና «ሠርተሽ መልሺልኝ፤ ወድጄዋለሁ» አሏት። ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ሄደች። የልጅ ቤት ላቃጥል ነበር ብላ ለራሷ ተናገረች። የሌላ ሰው ወሬ መሰላት።

ታላቅ ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከለቅሶው ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። እናታቸው በታመመችበት ዘመን ሩቅ አገር የሥራ ቦታ ላይ ነበር፤ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይል ነበር። ቀብር ላይ ድምፁን አውጥቶ ሲያለቅስ «አሁን ነው የምታለቅሰው?» ብላዋለች፤ በሰው ፊት። ደወለችለት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ቁንጫ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው።

«የመብራት ነገር ነበር።»

«ቆጣሪው ነው?»

«አይደለም። ብትመጣ ይሻላል።»

በማግስቱ የዕቃ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ስለ ሌላ ነገር አላነሡም። መብራቱን በካቻቢቴ ፈታው፤ ናስትሮውን ገለጠና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ ያሰረው?»

«እኔ።»

«ቋጠሮሽ ቆንጆ ነው። ለጫማ ይሆናል።»

ከዚያ እያሳየ ነገራት። ገመዱ ድንገት ቢጎተት ሽቦው እንዳይነቀል ከውስጥ ማጥበቂያ ይፈልጋል። ቀዳዳው ይለሰልሳል፣ የጎማ ቀለበት ይገባበታል። ሽቦ ከሽቦ የሚገናኘው በናስትሮ ሳይሆን በማያያዣ ነው። እንደ ምድጃ የሚግለው የድሮ አምፖል ይቀርና የማይሞቀው ይገባል። ከላይ ደግሞ ሙቀቱ የሚወጣበት ክፍተት ይተዋል። ይህን እየተናገረ መብራቱን ሲያገላብጥ እጁ ቆመ። ጣውላው ላይ በምስማር የተፋቀች ጠማማ ዓሣ ነበረች።

«ይቺን የፋቅኋት እኔ ነኝ» አለ። «እማዬ በጥፊ ያጋየችኝ ጊዜ።»

«አውቃለሁ።»

«አልጋውን ቆራረጥሽው?»

«አዎ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ካቻቢቴውን እንደያዘ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሷ ቆማ አየችው። ውኃ ቀድታ አመጣችለት። ጠጣ፤ ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ አልመጣልኝም።»

«እሺ» አለ። ከዚያ መብሻውን አነሣ።

የሸጠቻቸውን ሁሉ መልሳ ሰበሰበች። ለምታውቃቸው ደወለች፤ ለማታውቃቸው ባዛሩ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። አንድ ፀጉር አስተካካይ «አንድዬን! ደንበኛዬ ወንበሬ ላይ ቢጠበስ ኖሮስ?» ብሎ ጮኸባትና ገንዘቡን ተቀበለ። ሌሎቹ «ወይኔ፣ እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። ወንድሟ እሑድ እሑድ እየመጣ አብረው ፈተው አብረው ሠሩ። እያንዳንዱን ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት ቀኑን ሙሉ አብርተው እጃቸውን እንጨቱ ላይ እያሳረፉ ይፈትሹታል። ሥሩ ላይ ምን ዓይነት አምፖል እንደሚገባበት ጻፈች። አስተማሪዋ የራሳቸውን ሲረከቡ አሸተቱትና «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ፤ ልጅቷን ጥሯት» አሉ።

አንዱ ብቻ ጠፋ። ረጅሙን መብራት ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ገዝተውት ነበር፤ ስልክም ስምም አልተዉም። እሱ ሐሳብ ሆነባት። ታክሲ ውስጥ ሆና የሰው መስኮት ታያለች። ነርሷ «እሳት ተነሣ» የሚል ወሬ ስታወራ የት ሰፈር እንደሆነ ትጠይቃለች። አንድ ጠዋት መዝገቡ ላይ እየጻፈች ምን እንደያዛት ታወቃት። ፍርሃት ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ የራሷ ነው ብላ ያወቀችው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

በሚቀጥለው ባዛር ሰውዬው መጡ፤ ባርኔጣ አላደረጉም።

«ማስታወቂያውን አየሁት» አሉ። «ግን እኔን አይመለከተኝም።»

«አባባ፣ ይመለከትዎታል! ነቅለውታል? ይሞቃል? ይሸታል?»

«ኧረ ሰክቼውም አላውቅ። ባርኔጣዬን ነው የምሰቅልበት። ባለቤቴ መብራት መሆኑን የነገረችኝ በቀደም ነው።»

ሳቀች። ሳቁ አፏ ላይ ሳትጠብቀው ነው የመጣው፤ ሻካራ ነበር፣ ብዙም አልቆየ። ጠረጴዛው ሥር ገመድ የሚጠቀልለው ወንድሟ ቀና ብሎ አያት።

«ቢሆንም ያምጡት» አለቻቸው። «ሽቦውን ልቀይርልዎ።»

«እሱን ስትሠሪ ባርኔጣዬን የት ላድርገው?»

«ራስዎ ላይ» አለ ወንድሟ ከጠረጴዛው ሥር።

ሰውዬው እያጉረመረሙ ሄዱ፤ በሳምንቱ አመጡት። እሷ ፈታችው፣ ቀዳዳውን አለሰለሰችው፣ ጎማውን አስገባችው፣ ማያያዣውን አጠበቀችው። ወንድሟ ቆሞ ብቻ አየ።