የቄስ ቴርኬል መጻሕፍት ጀርባ

በዊግሆልም ደብር አሜን ባዩ እኔ ነኝ። ቄሱ ጸሎቱን ሲያሳርጉ ከመስበኪያው ሥር ካለችው መቀመጫዬ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» እላለሁ፤ ሕዝቡም እኔን ተከትሎ ይላል። እንጀራዬ ጫማ መስፋት ነው። ንባብ የለመድኩት በጆሮዬ ነው፤ ቄስ አምብሮዝ ቴርኬል ሲያነቡ እየሰማሁ፣ የሰማሁትን ከፊደሉ ጋር እያገጣጠምኩ። ዓይናቸውን ሞራ መጋረድ ሲጀምር ደግሞ አንባቢያቸው እኔ ሆንኩ።

ቤታቸው ቤት አይባልም ነበር። ደረጃው ላይ መጽሐፍ፣ የዱቄት ማስቀመጫው ላይ መጽሐፍ፣ የዕብራይስጡ ከግሪኩ ተደግፎ፣ ግሪኩ ከግድግዳው ተደግፎ። አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው እሜቴ ዶርካስ፣ «ወንድሜ ሚስት ያላገባው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ሲላስ? አልጋው ላይ ቦታ የለም» ይሉኝ ነበር። ቄሱ ይሰማሉ። ሰምተው ገጽ ይገልጣሉ።

ልባቸውን የያዘው ግን ግማሹ የጠፋ አንድ መጽሐፍ ነበር። በመንደራችን ድሮ ገዳም ነበረ፤ በአያቶቻችን ዘመን ንጉሡ ገዳማቱን ሲያስፈርስ አብሮ ፈረሰ። በዚያ ገዳም ኦስዊን የሚባል መነኩሴ የመዝሙረ ዳዊትን ትርጓሜ በላቲን፣ በብራና ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው እኩሌታ ከአንድ ገበሬ የአሳማ ጋጥ ግድግዳ ውስጥ ሲወጣ ቄሱ ገና ጎልማሳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሁለተኛውን እኩሌታ ሲፈልጉ ነው። ያላንኳኩት ቤተ መጻሕፍት፣ ያልጠየቁት ጳጳስ የለም። በከተማ ያሉ ሊቃውንትም ሙሉው ከተገኘ እንደሚያሳትሙት ቃል ገብተውላቸዋል።

«ዓይኔ ሳይጠፋ፣ ሲላስ» ይሉኛል። «ሌላ የምለምነው ነገር የለኝም።»

በጾም መግቢያ ረቡዕ በቤተ ክርስቲያናችን የእርግማን ጸሎት ይደርሳል። ቄሱ የኦሪቱን እርግማኖች አንድ በአንድ ያነባሉ፤ በእያንዳንዱ እኔ አሜን እላለሁ፣ ሕዝቡ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ያለው ስብከታቸው በየዓመቱ ያው ነበር፤ የገዳሙን መጻሕፍት ስለቀደዱት የንጉሡ ሰዎች። «ሌባ እንኳ ለሆዱ ይሰርቃል፤ እነዚህ ግን ለማንም ሳይጠቅሙ አጠፉ» ይላሉ። ሕዝቡ በቃሉ ይዞታል። ባለወፍጮው እንዲያውም ከቄሱ ቀድሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።

ባለፈው መከር የወንዙ ግድብ ተጥሶ ውኃው መንደር ገባ። ቄሱ ቤት ገብቶ ታችኛውን መደርደሪያ አርሶ ወጣ። በማግስቱ ሄጄ የረጠቡትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነሣሁ ምድጃው አጠገብ ስደረድር፣ የአንዱ ጀርባ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሙልጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ጠባብ የብራና ቁራጭ ተለጥፏል። ደጓሾች የመጽሐፍን ጀርባ ለማጠንከር አሮጌ ብራና ቆርጠው እንደሚለጥፉ አውቃለሁ፤ እኔም ጫማ ውስጥ አሮጌ ቆዳ እከታለሁ። ቁራጩ ላይ ግን ጽሕፈት ነበረበት። የፊደሎቹ ጭራ እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሏል።

ያንን ጅራት አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት አንብቤዋለሁ።

«ምን አፍዝዞ አቆመህ?» አሉ ቄሱ።

ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ሄደው አፍንጫቸውን እስኪነካ አስጠጉት። ከዚያ እርጥቡ ወለል ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

«ኦስዊን ነው» አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም ነበር። «ሲላስ፣ ሌላ ክፈት።»

ሌላ ከፈትኩ። ኦስዊን። ሌላ፤ ኦስዊን። ቄሱ ይስቁ ጀመር። እሜቴ ዶርካስ ከማድቤት ማንኪያ ይዘው ብቅ አሉ።

«ምን ሆነ? ማን ሞተ?»

«ቤቴ ነበር፣ ዶርካስ። ይኼን ሁሉ ዘመን ቤቴ ውስጥ ነበር።»

«እኔ መነጽርህንም የማገኘው እዚሁ ነው» አሏቸውና ተመለሱ።

የቄሱን መጻሕፍት የሚደጉሰው ጀርቫስ ፔል ገበያ ከሚቆምበት ከተማ ተጠራ። ጥርስ የለውም፤ ወሬ ግን አያልቅበትም። ቄሱ ቁራጩን አሳዩትና ብራናውን ማን እንደሸጠለት ጠየቁት። የቀረ ካለ ከዚያው ሰው ሊፈልጉ ነው።

ፔል ቁራጩን አገላብጦ አየና ቄሱን ቀና ብሎ ተመለከታቸው።

«መምህር፣ ሊፈትኑኝ ነው?»

«ምን ልፈትንህ? ከማን ገዛኸው?»

«መግዛት ደግሞ ምን አመጣው? እርስዎ ነዎት የሰጡኝ።»

ቄሱ ቁራጩን ከእጁ መልሰው ወሰዱ።

«አዲስ የመጡ ጊዜ» አለ ፔል፤ ነገሩ ገና አልገባውም። «ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሥር አንድ ሣጥን አልነበረም? ‹የመነኮሳት ቆሻሻ ነው፣ ለእግዚአብሔር ቃል ጀርባ ማጠንከሪያ ይሁን፣ ለዚያ እንኳ ከበቃ› አሉኝ። እጅዎ እንዳይቆሽሽ ብለው ሣጥኑን በእግርዎ ገፉልኝ። ያን ቀን እኮ እንዴት አስቀውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደጎስኩልዎ ሁሉ ከዚያው ነው፤ ደኅና ብራና ነበር።»

«ከፍቼ አላየሁትም» አሉ ቄሱ።

«እኔማ ምን ብዬ አየዋለሁ? ቋንቋውን አልችል።»

«እኔ እችል ነበር።»

ፔል ያኔ ገባው። ቆቡን አንሥቶ ስንብት እንኳ ሳይጠብቅ ወጣ። ቄሱን ለማየት አልደፈርኩም፤ እጃቸውን አየሁ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ እጁ እንደቆሸሸበት ሰው ተዘርግተው ቀርተው ነበር።

እሜቴ ዶርካስ ያን ዕለት አልቀለዱም። ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ያን ጊዜ ወጣት ቄሶች ሁላችሁም የመነኮሳትን ነገር ትንቁ ነበር፣ አምብሮዝ። ያስተማሯችሁ እንዲያ ነው» አሉ።

«ያስተማሩኝ ማንበብ ነው» አሉ ቄሱ። ወደኔም ዞረው «ቢላ አምጣ» አሉ።

የብርዱን ወራት ሙሉ ያን ቤተ መጻሕፍት አፈረስን። ቆዳውን እገፋለሁ፣ ቁራጩን ለብ ባለ ውኃ ሳህን ውስጥ እነክራለሁ፣ ሙጫው ሲለቅ እሳቸው በጣታቸው ጫፍ ያነሡታል። በዕድሜ ልክ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ጀርባቸው ተገፎ፣ በሲባጎ ታስረው፣ እንደ ተሸለተ በግ ወለሉ ላይ ተኮለኮሉ። አባታቸው ያወረሷቸው፣ ፔል ዳግም የደጎሰው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ።

«ይኼንንስ ይተዉት፣ መምህር።»

«የኦስዊንንስ ማን ተወለት?»

ፔል ያለ ርኅራኄ ነበር የቆረጠው። መስመሩ በወገቡ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ቃል አንድ መጽሐፍ ጀርባ፣ ተከታዩ ሌላው ጀርባ። ሆኖም እዚህም እዚያም ክፍተት እየቀረ፣ መዝሙር በመዝሙር እየተጋጠመ መጣ። የቄሱ ዓይን ደግሞ በየሳምንቱ እየደከመ ሄደ፤ በመጨረሻ ቁራጩን በጣታቸው ይዳስሳሉ እንጂ አያዩትም፣ የማነበው እኔ ነኝ። መቶ ሃምሳኛው መዝሙር ሲፈጸም በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁራጭ ተረፈ። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

«መደምደሚያው ነው» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ስሙንና ዘመኑን ይነግረናል። አንብብልኝ።»

የላቲኑን ድምፅ እንጂ ፍቺውን ብዙም አላውቅም። እንደ ልማዴ እያንዳንዱን ቃል እየለየሁ አነበብኩ። ስጨርስ ቁራጩን ከእጄ ወሰዱ። ስለ ኦስዊን ስም አልተናገሩም።

«ምን ይላል፣ መምህር?»

«ረቡዕ ትሰማዋለህ።»

ረቡዕ ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ነበር። ቄሱ እርግማኖቹን ያለ መጽሐፍ በቃላቸው ደገሙ።

«የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል ርጉም ይሁን።»

«አሜን» አልኩ፤ ሕዝቡም አለ።

«ዕውሩን ከመንገድ የሚያስት ርጉም ይሁን።»

«አሜን።»

እርግማኑ ሲያልቅ ባለወፍጮው ለታወቀው ስብከት ተደላድሎ ተቀመጠ። ቄሱ ግን አልሰበኩም። መስበኪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው በገዛ ቋንቋችን እንዲህ አሉ፦

«ይህን መጽሐፍ በዓይኔ ብርሃን የጻፍኩ እኔ ኃጢአተኛው ኦስዊን እላለሁ። የሰረቀው፣ የፋቀው፣ በቢላ የቆረጠውም ቢሆን፣ እንዲቆረጥ አሳልፎ የሰጠውም ቢሆን፣ የዓይኑን ብርሃን ይጣ፤ ስሙም ከሕይወት መጽሐፍ ይቆረጥ።»

እዚያ ላይ አቆሙ። ሕዝቡ ከኦሪቱ የተጨመረ መስሎት የኔን ድምፅ ይጠብቃል።

እሜቴ ዶርካስን ተመለከትኩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያ መነኩሴ ብራናው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ገና ያልተወለደ ሰው ዓይን ላይ እንዴት ጻፈ? ቄሱ ሞራ የጋረደውን ዓይናቸውን እኔ ወደምቀመጥበት አዞሩ። አያዩኝም፤ ያለሁበትን ግን ያውቃሉ።

«ሲላስ» አሉ በቀስታ፤ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። «ብቻዬን አታቁመኝ።»

«አሜን» አልኩ።

ሕዝቡም ሁሉ፣ ባለወፍጮውም ጭምር፣ አሜን አለ። ድምፁ ጣሪያውን ነክቶ ተመለሰ።

ቄሱ ደረጃውን እየዳበሱ ወረዱ። ክንዳቸውን ያዝኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አሉ።

«ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያልተፈታ መጽሐፍ ቀርቷል?»

«ጥቂት ቀርተዋል፣ መምህር።»

«ነገ በጊዜ ና» አሉ። «ሳህኑን ዶርካስ ታጥብልናለች።»