ወደ ሸለቆው ወለል

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ መታመሙን ያወቀችው ሥራ ላይ ሆና ነው። ከመርፌው ሥር ያለው ስፌት ጥርት ብሎ ይታያታል፤ አጠገቧ ያስቀመጠችው መቀስ ግን የለም። ስትዳብስ እዚያው ታገኘዋለች። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ እውነቱን አልደበቃትም። ዙሪያው እየጨለመ፣ የምታየው እየጠበበ ይሄዳል፤ ቀስ በቀስ በቱቦ ውስጥ እንደማየት ይሆናል፤ በመጨረሻም ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒት የለውም።

ወደ ሱቋ ተመለሰች። ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ የበረሃ ሸለቆ ፎቶ ተለጥፏል፤ ቀይ ቋጥኝ፣ በመካከሉ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ። ለዓመታት ፔዳሉን እየረገጠች ስታየው ኖራለች። ስልኳን አንስታ አዋላጅ ነርስ ለሆነችው ታናሽ እህቷ ደወለች።

«ይሄን ሸለቆ ሳላይ አልታወርም» አለቻት።

«እትዬ፣ አብደሻል?»

«እሱ ገና ነው።»

ነርሷ እህቷን ታውቃታለች፤ አንዴ ካለች አለች ነው። ብትለምን ብትቆጣ አልሆን ሲላት፣ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አብራት ተነሳች።

ጉዞው በድንኳን እያደሩ ከፓርክ ፓርክ የሚዞሩበት ነው። ተጓዦቹ አንድ ሚኒባስ የሚበቃቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አንድ አስጎብኚና ምግብም የሚያበስል ሾፌር አብረዋቸው አሉ። ነርሷ ከእህቷ ክንድ አልላቀቅ አለች። «ድንጋይ አለ። ጉቶ አለ። ዝቅ በይ። ቀስ።» ሻይ ሲቀርብ እንኳ ኩባያውን እኔ ካልያዝኩልሽ ትላለች። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋን ምርር አላት።

«አንቺ ልጅ፣ የማየው ጥቂት ነገር ነው የቀረኝ። እሱንም አትጋርጂብኝ።»

ተጓዦቹ ሳቁ። ነርሷ እስከ ማታ አኮረፈች።

ሸለቆው አፋፍ ላይ ሲደርሱ አስጎብኚው ሁለቱን ለብቻቸው ጠራቸው።

«መንገዱ ጠባብ ነው፤ የገደሉን ጥግ ይዞ ነው የሚወርደው። እርስዎ እዚህ ከሾፌሩ ጋር ቢቆዩ ይሻላል። ከላይ ሆነውም ያምራል።»

«ከላይ የሚታየውን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ልጄ። እኔ የመጣሁት ልወርድ ነው።»

«እኔም አልስማማም» አለች ነርሷ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

አስጎብኚው ጥቂት አሰበና፣ አጠገባቸው ያለውን ድንጋያማ ጉብታ በምርኩዝ ወጥታ እንድትወርድ ጠየቃት። ወጣች፤ ወረደች። አንዴ ተደናቀፈች፤ አልወደቀችም።

«እሺ፣ ከኋላዬ ሆነው የቦርሳዬን ማንገቻ ይይዛሉ። እንመለስ ካልኩ ግን እንመለሳለን።»

«ያለ ክርክር» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት መውረድ ጀመሩ። አስጎብኚው ከፊት፣ ልብስ ሰፊዋ ማንገቻውን ጨብጣ ከሱ ቀጥሎ፣ ነርሷ ከኋላዋ፣ ሌሎቹ ተከትለው። እኩሌታው ላይ መንገዱ ወደ ውጭ ታጠፈና በግራ በኩል መሬቱ ድንገት አለቀ። ከታች ያለው ባዶ አየር ብቻ ነው። ነርሷ ቆመች። ከዚያ ቋጥኙን በደረቷ አቅፋ ተለጠፈችበት።

«አልችልም» አለች። ከፍታ እንደምትፈራ እሷም እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር።

አስጎብኚው አይዞሽ አላት፤ አልሰማችውም። መንገዱ ጎን ለጎን ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ከኋላ ያሉት ቆመው ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ ማንገቻውን ለቃ ዞረች፤ ቋጥኙን እየዳበሰች እህቷ ጋ ደረሰች።

«ምንድን ነው የሚታይሽ?»

«ገደሉ ነዋ!»

«ለኔ አይታየኝም። እግሬ የሚያርፍባት መሬት ብቻ ናት የምትታየኝ። ግራ የለም፣ ቀኝ የለም።» የአንገት ልብሷን ፈትታ እህቷ ራስ ላይ ጣለችና ከጉንጯ ግራና ቀኝ ወደ ፊት ሳብ አድርጋ አገጯ ሥር አሰረችው። «አሁን ተረከዜን እይ። ሌላ ነገር የለም።»

«የጋሪ ፈረስ አደረግሽኝ» አለች ነርሷ፣ እንባዋ እየወረደ።

«እንግዲያው ጎትቺ። ስንቷን እናት አይዞሽ እያልሽ ያዋለድሽ ሰው ነሽ። ዛሬ ለራስሽ በይው።»

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ማንገቻውን ጨበጠች፤ ነርሷ የእህቷን ቀሚስ ከኋላ ያዘች። አስጎብኚው «ዝቅ» ሲል ልብስ ሰፊዋ «ዝቅ» ትላለች፤ «ቀኝ» ሲል «ቀኝ»። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ ቀስ እያሉ፣ ወለሉን ረገጡ።

ታች ቀዝቃዛ ነበር። ውሃው በአሸዋው ላይ ስስ ሆኖ ይፈሳል። ሌሎቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ልብስ ሰፊዋ መሃል ላይ ቆማ ማየት ጀመረች። ከሥር ተነስታ ወደ ላይ፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ጎን፣ እንደገና ከላይ ወደ ታች፤ ጨርቅ እንደምትመረምር አንድ ስንዝር ሳትዘል። ሌሎቹ ምሳ በልተው ሲጨርሱ እሷ ገና አልጨረሰችም።

«ታየሽ?» አለቻት እህቷ።

«አንድ ላይ አልታየኝም። ግን ምንም አላስቀረሁም።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ቤቴ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ» አለች ነርሷ። «ዓይንሽ ከተዘጋ እኔ ጋ ትመጫለሽ።»

«በእንግድነት እመጣለሁ። በነጭ ዘንግ መሄድ የሚያስተምሩበት ቦታ አለ። እንደተመለስን እመዘገባለሁ። ሱቄን አልዘጋም።»

ነርሷ አፏን ለክርክር ከፍታ ነበር። ቋጥኙን ቀና ብላ አየችው፤ የወረዱበት መንገድ እንደ ጭረት ቀጥኖ ይታያል።

«ወደ ምዝገባው አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። «ከፈቀድሽልኝ።»

«ትሄጃለሽ።»

መመለሻቸው ሲደርስ አስጎብኚው ቦርሳውን አንግቶ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ማንገቻውን ያዘች፤ ነርሷ ከኋላዋ ገባች። ዳገቱን ጀመሩት።