ንጉሥህን ጠብቅ

አባታችን ሲሞት መሬቱን ለሦስት ልንካፈል ይገባን ነበር፤ በእኛ በዌልሶች ሕጉ እንደዚያ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሪሪድ ግን ክፍፍሉን በጦር ጀመረው። መካከለኛውን ወንድማችንን ኢንየንን አጃው ማሳ ውስጥ፣ በሁለት ሎሌ ግራና ቀኝ አስይዞ አረደው። እኔን ታናሹን ዮርወርዝን ሁለት የጎን አጥንቴን ሰብሮ አሰረኝ። ዓይኔን አውጥቶ ሊለቀኝ ነው፤ ዕውር ጌታ አይሆንምና።

«ወንድምነቱም አለ፣ ዕድል ልስጥህ» አለኝ ሰዎቹ ፊት። መመስገን ይወዳል። «በሦስተኛው ቀን ታውልቡርድ እንጫወታለን። ንጉሥህ ሰሌዳው ዳር ከደረሰ ከነዓይንህ ትሄዳለህ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ታውልቡርድ በሰሌዳ ላይ በጠጠር የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው። ከጦር በቀር ምንም ጨብጬ እንደማላውቅ ያውቃሉ።

ያስተማረኝ ሽማግሌው ዳኛ ጉጎን ነው። ሰሌዳውም ጠጠሮቹም ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተሠሩ፣ ዳኝነት ሲሾም የተሰጡት ናቸው፤ ሚስቱን እንኳ አያስነካትም ይባላል። ንጉሤን መሀል አስቀመጠው፣ ዐሥራ ሁለት ጠጠር ዙሪያውን አቆመለት። የሪሪድን ሃያ አራት በአራቱም ዳር ደረደረ።

«ሁሉም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ሁለት ጠላት ግራና ቀኝ ከያዘህ አለቀልህ።»

«እንደ ኢንየን በሉኛ፣ አባቴ።»

ጣቴን በበትሩ ዠለጠኝ። «ለቅሶ ልደርስህ አልመጣሁም፣ አንተ ደንቆሮ። ስማ። ንጉሥ የሚይዝ ሰው ጠጠሩን ሳያነሳ በፊት 'ንጉሥህን ጠብቅ' ማለት አለበት። ካላለ መያዙ አይቆጠርለትም።»

ሁለት ቀን ሙሉ በተሳሳትኩ ቁጥር መታኝ። ጣቶቼ አብጠው ጠጠር ማንሳት አቃተኝ። ወደድኩት።

በሦስተኛው ቀን ሪሪድ የማረከብኝን ጠጠር ሁሉ እየሳቀ እሳት ውስጥ ወረወረ። ጉጎን ጥርሱን ነከሰ። ስምንት ሰው አለቀብኝ፤ ግን በግራ በኩል መንገድ ተከፈተልኝ። አንድ እርምጃ ቀረችኝ። ሪሪድ አየና ደነገጠ። ሁለተኛ ጠጠሩን በንጉሤ ሌላ ጎን ደቅኖ፣ ንጉሤን አንስቶ፣ አፌን በቡጢ አለኝ።

«ብረቱን አግሉት» አለ።

«አላሉም፣ ጌታዬ» አለ ጉጎን።

«ምኑን?»

«'ንጉሥህን ጠብቅ' አላሉም። ንጉሡም ጠጠሩም ወደ ቦታው ይመለስ። ተራው የዮርወርዝ ነው።» በእጁ መለሳቸው።

አዳራሹ ውስጥ ሕጉን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ግማሾቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሪሪድ ሽማግሌውን በጢሙ ጎትቶ ከምሰሶው ጋር አጋጨው። ጩቤውን ዓይኑ ሥር ደቀነ።

«እስቲ ድገመው፣ አንተ የጃጀህ።»

«አላሉም።» ወይ ፍንክች።

ሪሪድ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ አንተ ፍረድ። 'ተሸንፌአለሁ' በልና ልልቀቀው። ካልሆነ ተጫወት። የአንዳችሁ ዓይን ዛሬ ይወጣል።»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ንጉሡን ባበጡት ጣቶቼ ገፍቼ ዳር አደረስኩት።

ጉጎን ሲጮህ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።