ባንዲራ ያዦቹ

በ1960 ዓ.ም. ክረምት አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር ወርደው፣ በጥጥ እርሻው የጭነት መኪና ተጭነው ወደ ሠፈራችን መጡ። በፈቃዳቸው ነው የመጡት፤ የሠራተኛውን ልጆች ፊደል ሊያስቆጥሩ። እኔ በእርሻው ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበርኩ። ሠራተኛው ግን «ሐኪም» ይለኛል፤ ስለምወደው አላረምኩትም። እውነቱን ልናገርና፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ደግ ሊሠሩ የሚመጡ ሰዎችን አልወድም። ደግነታቸው የመመለሻ ቲኬት አለው። ሦስቱ ሙቀቱና ትንኙ አንገፍግፏቸው በሳምንታቸው ተመለሱ። አራተኛዋ፣ ንጋትወርቅ፣ ቀረች። ምነው እሷም በተመለሰች እላለሁ እስከ ዛሬ።

ንጋትወርቅ ባዮሎጂ የምታጠና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የመጣላትን የምትናገር። ከክሊኒኩ ጎን የሰሌን ዳስ አስጥላ ሃያ ሦስት ልጆች ሰበሰበች። በሦስተኛው ቀን መርፌ ስቀቅል ገብታ አየችና፣ ወረፋ በያዘው ሕመምተኛ ሁሉ ፊት «አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ይኼ ውሃ እኮ ገና አልፈላም» አለችኝ። አልፈላም ነበር። ግን ሰው ፊት ይባላል? ቂም ያዝኩባት። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነበር፤ ቂሜ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ቂም።

ከተማሪዎቿ አንደኛዋ የከድሩ ልጅ መዲና ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። አባቷ መሬት አጥቶ ከወሎ የመጣ ቦይ ቆፋሪ ነው። መዲና ፊደሉን በአሥራ አንድ ቀን ለቀመችው። ከዚያ ወዲያ የክብሪት ቀፎ አይቀራት፣ የሻይ ካርቶን አይቀራት፣ ክሊኒኩ በር ላይ የለጠፍኩት ማስታወቂያ አይቀራት፤ ቆማ ታነባለች። ንጋትወርቅ «ይቺን ልጅ አዋሽ ትምህርት ቤት ሳላስገባት አልሄድም» ብላ ማለች።

አረም ሲደርስ የእርሻው ካቦ፣ ቢሰጥ የሚባል ሰው፣ እጁ ሣር የሚነቅል ልጅ ሁሉ ማሳ እንዲወጣ አዘዘ። ዳሱ ውስጥ አራት ቀሩ። መዲና ጎህ ሲቀድ ወጥታ ፀሐይ ስትጠልቅ ትመለሳለች፤ ጣቶቿ ተላልጠው እኔ ነኝ የማስርላት። ንጋትወርቅ ቢሰጥን ለመነችው፣ ተጣላችው፣ እንደገና ለመነችው። በመጨረሻ መላ አመጣላት።

«መድኃኒት ለሚረጨው አውሮፕላን ባንዲራ ያዥ ቸግሮኛል» አላት። «አሥራ ሁለት ልጆች ስጪኝ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆሙልኛል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የአንቺ ናቸው። አረም የሚባል ነገር አይነኩም።»

ባንዲራ ያዥ ማለት ነጭ ጨርቅ በረጅም እንጨት ይዞ ማሳው ዳር የሚቆም ሰው ነው። አብራሪው ወደ ጨርቁ አነጣጥሮ ይመጣል፣ ረጭቶ ያልፋል፤ ያዡ አሥራ ስድስት እርምጃ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው መስመር ይዛወራል። ትልልቆቹ ሰዎች አውሮፕላኑ ሲቃረብ ጨርቁን ጥለው ይሮጡ ነበር። መስመሩ ይዛነፋል፣ አብራሪው ይሳደባል። ለምን እንደሚሮጡ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ያልሮጡ ሁለት ሰዎች አረፋ እየደፈቁ እኔው ዘንድ መጥተዋል፤ የተረፈው አንዱ ነው። የአካባቢው አፋሮችም ያውቃሉ። አውሮፕላኑ በሚመጣበት ቀን ፍየሎቻቸውን ነድተው ከወንዙ ማዶ ያሻግራሉ።

ንጋትወርቅ መጥታ ጠየቀችኝ። ይህን አልክድም፤ ጠይቃኛለች።

«አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ የሚረጩት ነገር ልጆቹን ይጎዳል እንዴ? ዲዲቲ አይደል? ለወባ በየቤቱ የሚረጨው?»

ዲዲቲ አልነበረም።

«ባዮሎጂ የምታጠኚው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አልኳት።

«እርስዎ ግን እዚህ ኖረዋል። የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ያ ያልፈላ ውሃ ትዝ አለኝ። ቢሰጥም ትዝ አለኝ፤ ስለ ሟቹ ባነሳሁበት ጊዜ «አንተ ቁስልህን እሰር» ብሎ አባሮኛል። ፈሪም ነበርኩ፣ ቂመኛም ነበርኩ።

«ምንም አይላቸውም» አልኳት። «ሲጨርሱ ፊታቸውን ይታጠቡ።»

አመስግናኝ ሄደች።

ልጆቹን እንደ ወታደር አሠለጠነቻቸው። «አውሮፕላኑ አናታችሁ ላይ አልፎ እስኪሄድ ፍንክች የለም!» ትላቸዋለች። ይወዷት ነበር፤ ስለሚወዷት ፍንክች አላሉም። ሁለት ሳምንት አብራሪው ተደሰተ፣ ቢሰጥ ተደሰተ፣ ዳሱም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሞልቶ ይውላል። መርፌ እየወጋሁ የመዲናን ንባብ እሰማለሁ። ረፋድ ላይ አንድ ሁለቱ «ራሴን አመመኝ» ብለው ይመጣሉ። አስፕሪን እሰጣቸዋለሁ። መርዙ የሚታወቅበትን ዓይናቸውን ግን አላይም፤ ካየሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ነፋሱ ድንገት ዞረ። በማሳው ጥግ የቆመችው መዲና ነበረች። አውሮፕላኑ በመጀመሪያው ዙር አጠባት። አልሮጠችም። አሥራ ስድስት እርምጃዋን ቆጥራ እንደገና ቆመች። በሁለተኛውም ቆመች። በሦስተኛው ጨርቁን እንደያዘች ወደቀች። ይህን የነገሩኝ አብረዋት የቆሙት ልጆች ናቸው።

ንጋትወርቅ አቅፋት እየሮጠች አመጣቻት። የልጅቱ የዓይን ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፤ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ማርከሻው አትሮፒን ነው። ሁለት ብልቃጥ ነበረኝ፤ ሁለቱንም ሰጠኋት። አልበቃትም። አራት ሰዓት ላይ ሞተች።

ንጋትወርቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። «ሰዎቹ የሚሮጡት ለዚህ ነው?» አለችኝ።

«ለዚህ ነው።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቢሰጥ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ወባ ነው» አለ። «ካርዱ ላይ ወባ ተብሎ ይጻፍ። ሌላ ነገር ከተወራ ዳሱ ዛሬውኑ ይፈርሳል፣ ልጆቹም ነገ አረም ላይ ናቸው። ደግሞ ልጅቱን እዚያ ያቆማት ማነው? አንቺ ነሽ። አይጎዳም ያለሽ ማነው? እሱ ነው። እስቲ ተናገሩ!»

ከድሩ የቦዩን ጭቃ ከእግሩ ሳያራግፍ መጣ። ልጁ ፊት ተንበርክኮ ግንባሯን ዳሰሰ፣ እጇን አንስቶ አየ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሐኪም፣ ምንድን ነው የገደለብኝ?»

ንጋትወርቅ ቀና ብላ አየችኝ። እውነቱን ብናገር ከድሩ ምን ያደርገኝ ነበር? ምንም። ደካማ ሰው ነው። የፈራሁት እሱን አልነበረም፤ «ሐኪም» ማለቱን እንዳይተው ነው የፈራሁት። እንዲህ ላለች ትንሽ ነገር ነው የዋሸሁት።

«ወባ ነው» አልኩት።

ንጋትወርቅ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ እኩል ሆንን፤ እኩል በመሆናችንም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ።

«ኢና ሊላሂ» አለ ከድሩ። ልጁን ታቅፎ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ቀበሯት።

በሦስተኛው ቀን እኔ፣ ንጋትወርቅና ቢሰጥ ዳሱ በር ላይ ቆመን ሳለ ከድሩ አንድ ልጅ በእጁ ይዞ መጣ። ልጁ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ታጥቦ፣ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ አዲስ ሽርጥ ታጥቋል።

«አስተማሪ» አላት፣ «ይኼ አማን ነው፤ የመዲና ታናሽ። ወባ እንግዲህ የአላህ ነው፤ ማንን ይወቅሱበታል? አደራሽን፣ የእሷን ቦታ ለእሱ ስጪልኝ። አረሙ ይገድልብኛል። አንቺ ዘንድ ከሆነ እንደ እህቱ ፊደል ይለያል።»

ንጋትወርቅ አፏን ከፈተች። እኔን አየችኝ። እኔ እሷ እንድትናገር ጠበቅሁ፤ እሷ እኔን ጠበቀች። ልጁ መሀላችን ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።

«ነገ ጠዋት ይምጣ» አለ ቢሰጥ።

ከድሩ እፎይ አለ። ሁለት እጁን ዘርግቶ «አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ፤ ለልጆቼ የሆናችሁትን ለልጆቻችሁ ያድርግላችሁ» ብሎ መረቀን።

እኔም ንጋትወርቅም አሜን አልን።