ለውሰት የማይመች ኮምፒውተር

ባለሱቁ ዓብዱሰመድ ላፕቶፑን ከፍቶ ፊቴ አስቀመጠው። ሱቁ በር ላይ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፤ ነገሌ ዛሬም መብራት የላትም።

«ባትሪ ያለው ውሰጂ» አለኝ። «እዚህ አገር መብራት ያንቺን ሥራ አይጠብቅም።»

ልክ ነው። ስለ ድርቅ የተቀዱ ቃለ መጠይቆችን ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለአንድ ድርጅት እልካለሁ። ያለፈውን አዘግይቻለሁ። አዲሱን አርብ ከቀኑ አስር ሰዓት በፊት ካላስገባሁ ሌላ ተርጓሚ እንደሚፈልጉ ጽፈውልኛል። በዲግሪዬ ሌላ ሥራ ፈልጌ አላገኘሁም።

«ላፕቶፕ ነው እንጂ!» አሉ አብረውኝ የመጡት አጎቴ አብዱባ። «ለጃዋርም ለፈተናው ይሆነዋል። ለአንድ ቀን ብቻ።»

ያለፈው ላፕቶፔም የሄደው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ልጃቸው ጃዋር ወሰደው፤ ከእሱ ጓደኛው ተዋሰው፤ ከጓደኛው ዱብሉቅ ያለ የማላውቀው ሰው። ሲመለስ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ሥራዬም የለም። አባቴ ከሞተ በኋላ ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። በእኛ ቤት ደግሞ ለአጎት እምቢ አይባልም።

«ዴስክቶፑን ስጠኝ» አልኩ።

ዓብዱሰመድ አፍጦ አየኝ። «ይሄን ድንጋይ? ሰው የሚቀል ይፈልጋል እኮ!»

«እኔ የሚከብድ ነው የምፈልገው።»

መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየውን ዩፒኤስም ጨመርኩበት። አጎቴ ለምን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

አርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ላይ ሳለሁ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። የጻፍኩትን ቶሎ አስቀምጬ ቀጠልኩ። በዚህ መሀል ደጃፋችን ላይ ባጃጅ ቆመ።

«አካም፣ ፎዚያ! ናጋ?» አጎቴ በኦሮምኛ ሰላም እያሉኝ ገቡ። ጃዋር ከኋላቸው ገመድ ይዟል።

«ሰኞ ፈተና አለበት» አሉኝ። «አንቺ ከባዱን ገዛሽ፤ እኛም ባጃጅ ይዘን መጣን።»

«ሰኞ ማታ እመልሰዋለሁ» አለ ጃዋር።

«ላፕቶፑንም ስትወስድ እንዲሁ ብለኸኝ ነበር።»

ዩፒኤሱ ይጮኻል። ከባድ ዕቃ የገዛሁት በእኔ ፋንታ እምቢ እንዲልልኝ ነበር። ዕቃ ግን እምቢ አይልም፤ በገመድ ይታሰራል።

«አይሄድም፣ አጎቴ» አልኩ።

ጃዋር ገመዱን ወደ ኋላው ደበቀ። አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔን ነው?»

«አንቱን ነው። ጃዋር ከነገ ጀምሮ እዚህ መጥቶ ይለማመድ። ኮምፒውተሩ ግን ከዚህ በር አይወጣም።»

ስክሪኑ ጠቆረ። ጩኸቱም ቆመ። አስር ሰዓት እየቀረበ ነበር፤ የቀረኝ ደግሞ አንድ ገጽ ነው። መብራት ያለው ዓብዱሰመድ ጋ ብቻ ነው፤ ይሄን ድንጋይ ተሸክሜ አልደርስም። ደጅ ያለው ባጃጅ የአጎቴ ነው።

«ባጃጁን ስጡኝ» አልኩ። «ጄኔሬተር ጋ ልውሰደው።»

«ከዚህ በር አይወጣም አላልሽም?» አለ ጃዋር።

«ከእኔ ጋር ይወጣል።»

አጎቴ መሬት መሬቱን አዩ። እንዲህ ከተናገርኳቸው በኋላ ጥለውኝ ቢሄዱ ማንም አይፈርድባቸውም።

«ጃዋር» አሉ በመጨረሻ። «እሰር።»

ስክሪኑን ራሳቸው ጭናቸው ላይ ያዙት። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር በሁለት እጃቸው እቅፍ ያደርጉታል።

«ላፕቶፕ ቢሆን በብብትሽ ይዘሽው ትሮጪ ነበር» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«ላፕቶፕ ቢሆን ዛሬ ዱብሉቅ ነበር።»

ጃዋር ሳቀ። አጎቴ አልሳቁም።

የመጨረሻዋን ገጽ ዓብዱሰመድ ጠረጴዛ ላይ ጨርሼ አስር ሰዓት ሳይሞላ ላክኋት። ከዚያ ሽቦውን ነቀልኩ።

«ይሄን ተቀበለኝና ላፕቶፑን ስጠኝ» አልኩት።

«የሚከብድ ነው የምፈልገው አላልሽም እንዴ?»

አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«አሁን እምቢ የሚልልኝ ዕቃ አያስፈልገኝም» አልኩ።