የሻይ ዕድሜ

ነገሌ ቦረና፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ በቀያሹ በቢረሳው ቤት ልጅ ሻይ የሚጠጣው አልቅሶ ወይም ለምኖ አልነበረም። ቢረሳው መሬት ሲለካ የሚውል ሰው ነውና ልጆቹንም እንደ መሬት ይለካቸዋል፤ የበሩን መቃን በእርሳስ ጭረት ሞልቶታል። አናቱ የበሩን መወርወሪያ የነካ ልጅ ሻይ ይቀዳለታል፤ ያልነካ ወተቱን ይጠጣል። ሻይ ልጅ ያቀጭጫል ሲሉ ከአባቱ የሰማውን እንደ መንግሥት መመሪያ ነበር የያዘው። ጎረቤታቸው ጉያቱ ይህን በሰማች ቁጥር በሳቅ ትፈርሳለች። እሷ ቤት ጥርስ ያወጣ ሁሉ ሻይ በወተቱን ፉት ይላል።

ሚስቱ አፀደ ደንቡን ለዓመታት ዝም ብላ ተቀብላው ኖራለች። አንድ የሰኔ ጠዋት ግን አቡሽ፣ ገና አምስት ዓመት ተኩል የሆነው፣ መቃኑ ሥር ቀጥ ብሎ ቆመና አናቱ መወርወሪያውን ነካ። ቃል ቃል ነው፤ ቢረሳው እየሳቀ ሻይ ቀዳለት። ታላቋ እድላዊት፣ ሰባት ዓመት ከሦስት ወሯ፣ የወተት ኩባያዋን እንደያዘች አጠገባቸው ቆማ ነበር። በሦስት ዓመቷ ያደረባት በሽታ ዓመት ሙሉ አስተኝቷት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተነሣች እንጂ፣ ቁመቷ ከዚያ ወዲህ እኩዮቿን ሊከተል አልቻለም። ከመወርወሪያው አንድ ስንዝር ይቀራታል። ኩባያውን መሬት አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሻይ ነገር ብቻ መሆኑ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ የያዘውን አይቶ ታላቅየው እሱ ነው ወይ ይላል። አቡሽም ትምህርቱን ቶሎ ያዘ፤ እህቱን "ትንሿ" እያለ ይጠራት፣ ጫማዬን አቀብዪኝ እያለ ያዛት ጀመር። አፀደ፣ ልጅቷ ሆዷ እየሻከረ ነው ብላ ለባሏ ነገረችው። እሱ ደግሞ ለአንዱ የታጠፈ መለኪያ መለኪያ አይደለም አላት። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሻዩን የከለከላትም ትደግልኝ ብሎ ነው። አፀደ አልተጨቃጨቀችም። በጸሎቷ መሐል ግን የልጅቷን ስም አንድ ጊዜ ጨምራ ማንሣት ጀመረች።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እድላዊት እጾማለሁ አለች። ቢረሳው ነፋስ የሚጥላት ልጅ ምን ጾም አላት ብሎ ከለከለ። አፀደ የንስሐ አባታቸውን አስጠራች። ካህኑ መጥተው ተቀመጡና ሰባት ሞልቷታል ወይ ብለው ጠየቁ። ቢረሳው መሙላቱን ሞልቷታል፣ ግን አባ ቁመቷን ይዩልኝ አለ።

"ቤተ ክርስቲያን የምትቆጥረው ዕድሜ ነው ልጄ" አሉት ካህኑ። "ቁመት የምትለካው አንተ ነህ።"

ቢረሳው አፍሮ ሳቀ። ይሁን፣ ግን ሦስት ቀንም አትዘልቅ አለ። አፀደ የምትጠብቀው ይህን ነበር፤ ብትዘልቅስ ብላ በካህኑ ፊት አፋጠጠችው።

"አሥራ አምስቱንም ቀን ከጨረሰች ብርጭቆዋን በእጄ እቀዳላታለሁ" አለ።

እድላዊት ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች።

ጾሙ ገባ። በየጠዋቱ የአቡሽን የሻይ ወተት ከጉያቱ ቤት የምታመጣው እሷ ነበረች፤ ለጊዜው ሌላ ሰው ያምጣው ብትባል አሻፈረኝ አለች። ከዚያ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቅዳሴው እስኪያልቅ ትቆማለች፤ እህል የምትቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቤት ስትመለስ አቡሽ የሻይ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር እያመላለሰ "ትንሿ፣ ሸተተሽ?" ይላታል። እሷ ወደ ውጭ ታያለች። በስምንተኛው ቀን ቅዳሴ መሐል ዓይኗ ተንከራተተና ዘፍ ብላ ተቀመጠች። አፀደ፣ ይበቃሻል፣ ሕፃን ነሽ፣ እግዚአብሔርም አይቀየምሽም አለቻት። ልጅቷ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ተነሣች።

"ሕፃን አትበይኝ እማ" አለች።

አፀደ ሁለተኛ አልደገመችውም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት እድላዊት ወተቱን ይዛ ስትመለስ ቢረሳው በሩ ላይ አገኛት። ከአገጯ እስከ ደረቷ ወተት ፈሶባታል፤ የከንፈሯ ዳርና ዳር ነጭ ሆኗል።

"ይኸው ጾሙ" አለ።

"አልጠጣሁም" አለች።

አቡሽ ጠጥታለች፣ ጠጥታለች እያለ ዘለለ። ቢረሳው አልተቆጣም። ምንም አይደለም፣ ልጅ ነሽ፣ ከነገ ጀምሮ ወተትሽን ትጠጫለሽ ብሎ ራሷን ዳበሳት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አፀደ የልጇን ዓይን አየችና አመነቻት፤ ግን የእናት ማመን ለቀያሽ ማስረጃ እንደማይሆን ታውቃለች። ልጅቷን በአንድ እጇ፣ ባሏን በሌላ እጇ ይዛ ወደ ጉያቱ ቤት አመራች።

ጉያቱ ጥጃ እያሰረች ነበር። "ናጋ ቡልታኒ፣ ደህና አደራችሁ" ብላ ተቀበለቻቸው። አፀደ የመጡበትን ስትነግራት የልጅቷን ቀሚስ አየችና ገመዱን ለቀቀችው። ሰፈሩ ሁሉ ቢረሳውን የአቡሽ አባት ይለዋል፤ ጉያቱ ብቻ ናት በበኩር ልጁ የምትጠራው።

"አባ እድላዊት፣ ይሄ የኔ እጅ ነው" አለች። "በየቀኑ ኩባያ እሞላላታለሁ፣ መልሳ ዕቃው ውስጥ ትገለብጣለች። ወተቴን ናቀች ብዬ ተናደድኩ። ዛሬ አገጯን ያዝኩና በግድ አፏ ላይ ደፋሁት። ጥርሷን ነከሰችብኝ። ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ አንድ ጠብታ አልገባም። ያው፣ ቀሚሷ ነው የጠጣው።" ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ምነው ኢንተላ፣ ልጄ፣ አትነግሪኝም ነበር?"

"ነግሬዎት ነበር እትዬ ጉያቱ። ልጅ አይጾምም አሉኝ።"

ጉያቱ አፏን በእጇ ያዘች። ነግራኛለች፣ እኔ ነኝ ያላመንኳት አለች፤ ይህን ስትል ግን የምታየው ቢረሳውን ነበር።

ቢረሳው ተንበረከከና የልጁን አገጭ በገዛ መሐረቡ ጠረገላት።

"ሁለት ቀን ነው የቀረሽ" አላት።

"አውቃለሁ" አለች።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን እድላዊት ቆርባ በነጭ ቀሚሷ ወደ ቤት ስትገባ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ጉያቱ ለበዓሉ ብላ ትኩስ ወተት ይዛ መጥታለች። በራዱንም ሰሃኑንም ከእጁ ሊቀበሉት የተነሡትን ሴቶች ቢረሳው ተቀመጡ አላቸው። ሻዩን ራሱ አፈላ፣ ወተቱን ራሱ ጨመረ፣ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላና ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጁ አቀረበላት። እድላዊት ሳትቸኩል ፉት አለች። አንዴ ደገመች።

"ስኳር ያንሰዋል አባዬ" አለች።

ሳቁ ግቢው ድረስ ተሰማ። ቢረሳው ስኳር ሊያመጣ ሲሮጥ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ አፀደ አይታ ያላየች መሰለች። በልቧ ግን ተመስገን ስትል ቆየች።

አቡሽ ባዶ ብርጭቆውን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ቢረሳው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ እንግዲህ መለኪያችን ተሽሯል፣ ይህን ልጅ ምን እናድርገው አላት። አፀደ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ታላቋ አለች አይደል ብላ መለሰችለት። ሰው ሁሉ ወደ እድላዊት ዞረ። አቡሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እድልዬ" አላት።

እድላዊት ብርጭቆዋን ይዛ ጥቂት አሰበች።

"ሰባት እስኪሞላው ወተቱን ይጠጣ" አለች። "ለበዓል ለበዓል ከኔ ላይ ይቅመስ።"

አቡሽ ቅር እያለው ብርጭቆውን ለእናቱ መለሰ። እድላዊት ከሻይዋ ጥቂት ሰሃኑ ላይ አፈሰሰችለትና እስኪበርድ እፍ እፍ አለችበት። ከዚያ አቀበለችው።

"ቀስ ብለህ" አለችው። "ያቃጥላል።"