በፊቱ የተደፋ ወፍጮ

…እርጥቡን ነው እንጂ ደረቁንማ ማንም ይቆምበታል፣ ደረቅ ሊሾ ላይ ድኩም ሽማግሌም አይወድቅ፣ ፈንታሁን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃ በጣሳ ያፈስሳል፣ የልብስ ሳሙናውን ወለሉ ላይ አሸት አሸት ያደርግና ቀኝ እግሩን ያሳርፋል፣ ይንሸራተታል። ግራውን። እሱም። ግድግዳ ይዞ ይቆማል፣ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ የመካነ ሰላምን ግማሽ ግድግዳ ያቆመ ግንበኛ፣ በገዛ ሥራው ላይ እንደ አዲስ ጥጃ እየተብረከረከ። ወደ ታች ያያል፣ ፊቱ ይታየዋል፣ እንኳን ፊቱ ጥርሱ ይቆጠራል፣ ይኸን አልነበር የፈለገው፣ ደሴ ሲሠራ የተማረውን ሊሾ፣ የሲሚንቶ ዱቄት እየነሰነሰ ሁለት ቀን ሙሉ በብረት ሲያሽ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ለተራበ ሰው መታጠቢያ ቤት መስታወት ሠራለት። እሰይ። ጎበዝ።

ጋሽ ፈንታሁን፣ ትንሽ ቢያሻክሩት አይሻልም? ብሎት ነበር ብዙነህ፣ የረኃብተኞቹ መጠለያ ድሬሰር፣ ከደሴ የመጣ ቀጭን ልጅ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጠ የማይታይ። ሊሾ የሚሻከረው በማን አገር ነው? አንተ መርፌህን ውጋ። እንዲህ ብሎ መለሰለት፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ልጁም ራሱ ሳቀ፣ ሳቁ እስካሁን የፈንታሁን ጆሮ ውስጥ አለ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ያ ሚያዝያ ነበር፣ አሁን ግንቦት ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን፣ አልታየች ከወደቀች ዘጠኝ ቀን።

አልታየች ከአባይ ቆላ ከልጇ ጋር የወጣች ሴት ናት። ነበረች። ስትመጣ አጥንት ብቻ ነበረች፣ በሁለት ሳምንት ገንፎና ወተት ፊቷ መለስ አለ፣ ዓይኗ ሰው መለየት ጀመረ፣ እንዲያውም አንድ ቀን እሱ አጥር ሲያጥር አይታ፣ አንቱ ሰውዬ፣ ያ እንጨት ጠሟል ብላ አርማዋለች፣ እውነቷን ነበር፣ ጠሞ ነበር። ረኃቡ አልገደላትም። ረኃቡን አልፋዋለች። ገላዋን ታጥባ በልጇ ክንድ ተደግፋ ስትወጣ ነው፣ እሱ ከውጭ ግድግዳ እየለሰነ ድምፁን ሰማ፣ እርጥብ ነገር ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ፣ ከዚያ የልጅቱን ጩኸት። ዳሌዋ ነው አለ ብዙነህ። አራት ቀን ቆየች። አሁን ደግሞ ሊያጽናናው፣ እርስዎ ምን አደረጉ ጋሽ ፈንታሁን፣ የደከመ ሰው የትም ይወድቃል ይላል፣ የትምማ አይወድቅም፣ እዚህ ነው የወደቀች፣ ከበሩ ሁለት ክንድ ገባ ብሎ፣ ቦታውን ያውቀዋል፣ ውሃ ሲያፈስስ እንኳ እዚያች ላይ አያፈስስም።

ልጅቱ ሐረግ ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። አላወቀችም፣ ሊሾው የተሠራው እነሱ ሳይመጡ ነው፣ እሱን የአጥር ሰው አድርጋ ነው የምታየው፣ ጠዋት ጠዋት ጋሼ እንዴት አደሩ ትለዋለች፣ እሱም ይመስገን ይላታል፣ ይኸው ነው፣ ዘጠኝ ቀን ይመስገን እያለ ይሸሻታል። እናቷ ከቆላ ይዛው የወጣችውን መጅ፣ በወፍጮ ላይ እህል የምትገፋበትን ያን የእጅ ድንጋይ፣ ቀን ከሌት በቀኝ እጇ ይዛ ትዞራለች። ስትበላ እንኳ በግራዋ ነው።

ወለሉን እርስዎ ይወቁ፣ አለው ብዙነህ ዛሬ ጠዋት፣ ሦስት ሰው በተስቦ ተኝቷል፣ ቅማሉ ነው የሚያመጣው፣ ሰውን ማጠብ አለብኝ፣ ነገ ቤቱ ካልተከፈተ ከሦስቱ ወደ ሠላሳ ነው የምንሄደው። እሺ፣ ይወቅ። ሊሾውን በመሮ ይውቀረው? ጥግ ላይ ሞክሮታል፣ እንደ ቁስል ቅርፊት እየተነሣ እግር የሚቆርጥ ስለት ይተዋል። ሣንቃ? የባሕር ዛፍ ሣንቃ ከራሰ ከሊሾ ይብሳል፣ ደግሞ ሦስት ቀን ሳይቆይ ለማገዶ ይነቀላል፣ ማን ይፈርዳል። ሰሌን ቢያነጥፍ ለቅማሉ ቤት ሠራለት ማለት ነው። ጥርብ ድንጋይ ነበር ደጉ፣ ጠራቢዎቹ ግማሾቹ ደሴ ወርደዋል፣ የቀሩት መዶሻ የሚያነሣ ክንድ የላቸውም። ሲሚንቶውም ግማሽ ከረጢት ናት የቀረችው፣ ከደሴ የሚመጣ መኪና እህል ነው የሚጭነው፣ ይጫን እንጂ፣ ሲሚንቶ አይበላ። እንግዲህ ጀብሪል ዘንድ መሄድ ነው።

ጀብሪል ነጋዴ ነው፣ አብሮ አደጉ፣ ጾሙንም በዓሉንም እኩል ሲጠራሩበት የኖሩ። ሱቁ በር ላይ ራዲዮ ይጮኻል፣ ሚኒስትሮች ታሰሩ፣ ወታደሩ እንዲህ አለ፣ ሦስት አስተማሪዎች ጆሯቸውን አቅንተው ቆመዋል፣ መንግሥት ሊለወጥ ነው ይላል አንዱ፣ ይለወጥ፣ ፈንታሁን ንጣፍ ነው የሚፈልገው። አብሽር ፈንቴ፣ ንጣፍ አለኝ፣ ለራሴ መታጠቢያ ያስመጣሁት፣ በዚህ ጊዜ ምን አበባ ያምረኛል፣ ውሰደው፣ ለአላህ ብዬ ነው፣ ይላል ጀብሪል፣ ካርቶኑን ይከፍታል። ቀይና ቢጫ አበባ ያለበት የሸክላ ንጣፍ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልብ ይሰርቃል፣ የፈንታሁንን ልብ ውበት አንዴ ሰርቆታልና ጠበቅ ያደርገዋል። ውሃ ስጠኝ። ጠምቶሃል? ውሃና ሳሙና። ጫማውን ያወልቃል፣ ገበያተኛ ቆሞ ያያል፣ ይይ፣ በዓይን መምረጥ አብቅቷል፣ ከእንግዲህ በእግር ነው። አበባው ላይ ወጣ። እግሩ ሄደ። ጀብሪል ክንዱን ባይዘው በአስተማሪዎቹ መሐል ይዘረጋ ነበር። ይኸ የሙሽራ ነው ጀብሪል፣ ለድኩም አይሆንም። ወላሂ እውነትክን ነው፣ እኔንም ገድሎኝ ነበር እኮ፣ ይላል ጀብሪል፣ ይስቃል፣ ፈንታሁን መሳቅ ያምረዋል፣ አይመጣለትም።

ጫማውን ሊያጠልቅ ጓሮ ይዞራል፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወፍጮዎች ተደርድረዋል፣ አርባ ያህል፣ ጥቁር ድንጋይ ሁሉም፣ ሰው ከቤቱ ሲነቀል የሚይዘውን አያውቅ፣ አህያ ላይ ጭኖ ገደሉን አውጥቶ መካነ ሰላም ሲደርስ አህያው አልቻለም፣ ወይ ተሸጠ፣ ወፍጮውን ደግሞ እህል በሌለበት ማን ይገዛዋል፣ ጀብሪል ነው እዚህ አቁሙት፣ ስትመለሱ ትወስዱታላችሁ ያላቸው። አንዱ ከግድግዳው ተንሸራቶ አሸንዳው ሥር በፊቱ ተደፍቷል፣ የሌሊቱ ዝናብ ሲንጠባጠብበት አድሯል፣ ጀርባው ርሷል። ፈንታሁን ባዶ እግሩን ሳያስብ ያሳርፍበታል። ያዘው። ቀና ይላል። ሌላኛውንም ያወጣል፣ ሙሉ ሰውነቱን፣ ያዘው። ጀብሪል ሳሙናውን አምጣልኝ፣ ቶሎ በል፣ ያሻል፣ ይቆማል፣ ይረግጣል፣ ይዘላል፣ ያ ሁሉ ሽምግልና፣ ያዘው። ጀርባውን ማን ጠርቦት ያውቃል፣ ከገደል እንደወጣ ነው፣ ሻካራ ነው ግን አይቆርጥም፣ ውሃውም ቁልቁል ይወርዳል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት ነበርክ፣ ይለዋል ድንጋዩን፣ እንደ ሰው።

አይሆንም፣ ይላል ጀብሪል። ፊቱ ተለውጧል። ምኑ? የምታስበው፣ አየሁህ እኮ፣ አደራ ነው ይኸ፣ አንዷን አልነካሁም፣ ሰው እግሩን እንዲታጠብባት ልስጥህ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ሰው እየሞተ ነው ጀብሪል። አውቃለሁ። እንግዲያ ባለቤቶቹን ጠይቅ፣ ይላል ጀብሪል፣ ግማሾቹ እዚያው አንተ ዘንድ መጠለያ ናቸው፣ የፈቀደውን እሰጥሃለሁ፣ ደሴ የወረደውን ግን አላህም ይጠይቀኛልና ጣትህ እንዳይደርስበት። ይኸም ይበቃል፣ ከውሃው በርሜል እስከ በሩ እርጥብ እግር የሚሄድበትን ብቻ ቢሸፍን ሃያ ድንጋይ ይበቃል፣ የቀረው ጥግ ጠጠር ይለብሳል።

ሰውን ሰብስቦ መጠየቅ ግን ግድግዳ ከማቆም ይከብዳል። እህሌ የሚፈጭበት ላይ ቅማሌን ልጠብ? ይላል አንድ ሽማግሌ፣ ሰው ይስቃል፣ ሽማግሌው ግን አልሳቀም። በፊቷ አይደለም አባባ፣ በጀርባዋ ነው፣ ፊቷ ወደ መሬት ተደፍታ ትተኛለች፣ አንድ እግር አይነካትም። ስንሄድስ? ትላለች አራስ የያዘች ሴት፣ ዝናቡ መጥቷል፣ ሰኔ ላይ አገራችን ገብተን ልንዘራ ነው፣ በሲሚንቶ ሰፍታችሁ ልታስቀሩብን ነው? ሁሉም ወደሱ ዞረ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ፣ ፈንታሁን ይገባዋል፣ እነዚህ ሰዎች ሊሄዱ ነው፣ እሱ መጠለያ ሲያጥር እነሱ በልባቸው ማሳ እያረሱ ነበር፣ ወለል አይደለም የተጠየቀው፣ የሚመለሱበትን ነው። ሲሚንቶ አይነካትም፣ አሸዋ ላይ ነው የማስተኛት፣ የሚሄድ ሰው ሲጠራኝ በዲጂኖ አንሥቼ አስይዘዋለሁ። እንግዲያ ይማሉ፣ ይሉታል። በሚካኤል፣ ይላል። ሽማግሌው ለብቻው ያስምለዋል፣ ሁለተኛ ጊዜ፣ እሱም ሁለተኛ ይምላል። ሃያ አንድ ወፍጮ ተፈቀደ።

ብዙነህ ደግሞ በድንጋዮቹ መሐል ያለው ክፍተት አልተዋጠለትም፣ ቆሻሻ ይገባበታል፣ ቅማል ይገባበታል፣ ይደፈን ይላል፣ ልጁ አሁንም ልክ ነው። ፈንታሁን ዛሬ አልሳቀበትም። ኖራ አድርጌ እደፍነዋለሁ፣ ኖራ ቅማል አያስጠጋም፣ ውሃም አያሳልፍም፣ በመሮ ጫፍ ስትነካው ደግሞ ይለቅቃል። ይሻላል ጋሽ ፈንታሁን፣ አለ ልጁ። በዚህች ቃል ደስ አለው፣ በዚህ ዕድሜው፣ በድሬሰር መመስገን።

ከቀትር ጀምሮ ሊሾው በዲጂኖ ተነቅሏል፣ ሲነቀል አልከፋውም፣ ትንሽ ከፋው፣ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ በውሃ ልክ እያየ ወደ ቦዩ ጣት ያህል ዘንበል አድርጎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ከበርሜሉ እየጀመረ ወደ በሩ እየቀረበ፣ እያንዳንዱን ከጣለ በኋላ ውሃ አፍስሶ ይቆምበታል። ሃያ። አንድ ቀርታለች፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ እያለፋት ያለች፣ ጠርዟ የተሸረፈ፣ ሐረግ የፈቀደቻት የአልታየች ወፍጮ። ባዶ የቀረውም ያው ቦታ ነው፣ ከበሩ ሁለት ክንድ። ባለቤቷ ሞታ ይቺን የሚመጣላት የለም፣ ያስባል፣ ይቺን በሲሚንቶ ነው፣ ግማሽ ከረጢቷ ለዚህች ነው የተረፈችው፣ ለዘላለም የማትነቃነቅ አድርጎ፣ ዙሪያዋን አሳምሮ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ምናልባት ስሟንም በመሮ… ዱቄቱን ገለበጠ፣ ውሃ ሊጨምር ጣሳውን አነሣ።

ጋሼ፣ ይላል ድምፅ ከበሩ። ሐረግ ናት። መጁን ይዛለች። የእናቴን እዚህችው በር ላይ አድርጓት፣ ስሄድ ለማውጣት እንዳታስቸግር። ጣሳው እጁ ላይ ቀረ። ልትሄጂ ነው? ሰኔ ሲገባ ከነዚያ ሰዎች ጋር ነኝ፣ ወፍጮ ከሌለኝ ማን ቤት እፈጫለሁ። እውነት ነው፣ ማን ቤት ትፈጫለች፣ እሱ ደግሞ ድጋሚ ሊያሳምር ነበር፣ ማንም ሳያዝዘው፣ አይ አንተ ሰውዬ፣ ከሰው ሞት እንኳ አትማር። ደረቁን ዱቄት ወደ ከረጢቱ ይመልሳል። አሁን ካልተናገረ ይመስገን እያለ ይሞታል።

ሐረግ። አቤት ጋሼ። ያን የሚያንሸራትተውን ወለል የሠራሁት እኔ ነኝ። አሻክረው ብለውኝ እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ፣ ለውበቱ ብዬ። እናትሽን የጣላት የኔ ሥራ ነው።

ልጅቱ አልጮኸችም። ታየዋለች፣ ከዚያ ቀኝ እጇን ታያለች፣ መጁን የያዘውን። ወለሉ ነው እንዴ? አለች። ወለሉ ነው። እኔ የለቀቅኋት መስሎኝ፣ በዚህ እጄ ነበር የያዝኳት፣ እጄ ውስጥ ነበረች፣ እኔ ነኝ የለቀቅኋት እያልኩ… አልጨረሰችውም፣ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ዘጠኝ ቀን ያላለቀሰችውን። ፈንታሁን አጠገቧ መቀመጥ ይፈልጋል፣ አይገባውም፣ ቆሞ ጣሳውን ይዞ ያለቅሳል። አንቺ አልለቀቅሻትም፣ ይላል፣ ሰምታው ይሁን አይሁን አያውቅም፣ ይደግመዋል፣ አንቺ አልለቀቅሻትም።

ቆይታ ተነሣች። ይቅር አላለችውም፣ እሱም አልጠየቀ። ታዲያ ይቺን ደህና አድርጓት፣ አለችና መጁን ከደረቁ ጥግ አኖረችው፣ በሁለት እጇ የወፍጮውን አንዱን ጫፍ ያዘች። ሌላውን እሱ ያዘ። በፊቷ ደፍተው አሸዋው ላይ አስተኟት፣ ጠርዟን በእጁ መዳፍ መታ መታ አደረገ፣ ኖራውን በጣቱ ሞላላት። ውሃ አፈሰሰ፣ ሳሙናውን አሸ፣ በልማዱ ሊወጣባት እግሩን አነሣና ተወው።

ውጪባት፣ ይላታል።

ሐረግ ጫማ የላትም። አንድ እግሯን ታሳርፋለች፣ ትጠብቃለች፣ ሌላውን ታወጣለች፣ እጁን ዘርግቶላታል፣ አልያዘችውም፣ በሁለት እግሯ እርጥቡ ላይ ቆማለች።

ያዘኝ፣ ትላለች።

ፈንታሁን ሌላ ጣሳ ውሃ ይቀዳል፣ እግሯ ሥር ያፈስሳል።